አባዬ ጸሎት ላይ ነው

አዳማ መንገድ ዳር የቆቃ ዓሣ ሲጠበስ በሸተተኝ ቁጥር፣ በደርግ ጊዜ ምሳ እየበላን የተንኳኳው በራችን ትዝ ይለኛል።

ጎረቤታችን እትዬ ብርቄ ነበሩ። ቀበሌ ያሰረው ልጃቸው እንዲፈታ አባቴን ዋስ ይሁኑልኝ ብለው ሊለምኑ መጥተዋል። ማታ ማታ ስለ ፍቅር የሚሰብከን አባቴ፣ ጉርሻውን እንኳ ሳይውጥ "አባዬ ጸሎት ላይ ነው በላቸው" አለኝ። ከዚያም ውሸት እንዳይሆንበት ፈጥኖ ተንበረከከ።

እንደታዘዝኩት ነገርኳቸው። የዓሣው ሽታ እስከ በሩ ደርሷል።

"እሺ ልጄ፣ የእኔንም ልጅ በጸሎታቸው ያስቡልኝ በላቸው" ብለው ተመለሱ።

አባቴ ዓይኑን ሳይገልጥ "ሄዱ?" አለኝ።

"ሄደዋል።"

"አሜን" ብሎ ወደ ምሳው ተመለሰ።

ዛሬ እኔም አባት ነኝ። ልጆቼን ጸልዩ ብዬ ስቆጣ ያ አሜን ያሳፍረኛል። እኔ ብሆን ግን በዚያ ዘመን ዋስ እሆን ነበር ብዬ አልምልም።