ለሐረጎ ዳገት የመረጥነው ቱርቦ

የአክስቴ ልጅ አንዲት አሮጌ ቶዮታ ከአዲስ አበባ እየነዳ ከሚሴ ሲያመጣት፣ እኔ ጋራዤ ውስጥ የአንድ ጭነት መኪና ሞተር ፈትቼ ነበር። እሱ ያደገው እኛ ቤት ነው፤ በዕድሜም እኩያዬ ነው። ለዓመታት በጅቡቲ መስመር ተሳቢ ሲነዳ ቆይቶ ድንገት በቃኝ ብሎ ተወና የእሽቅድምድም መኪና ልሥራ አለ። ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ በሚያወጣው የሐረጎ ዳገት ላይ ውድድር ሊደረግ ነው። መኪኖቹ ከታች አንድ በአንድ ይለቀቃሉ፤ ጫፍ ላይ ባጭር ጊዜ የደረሰ ያሸንፋል። የቀረን ሦስት ሳምንት ነበር።

"ሞተሩ ደህና ነው፤ ትንፋሽ ነው የሚያጥረው" አለኝ።

እውነቱን ነው። ሐረጎን ሽቅብ በወጡ ቁጥር አየሩ ይሳሳል፤ ከሚሴ ላይ የሚፎክር ሞተር ደሴ ሲቃረብ ያለከልካል። መድኃኒቱ ቱርቦ ነው፤ በጭሱ ግፊት እየተሽከረከረ አየር አምቆ ለሞተሩ የሚያጎርስ ዕቃ። ጭንቁ የትኛው የሚለው ነበር። እሱ ከተገለበጠ ጭነት መኪና የወጣ፣ ተሸክመውት የሚያደክም ትልቅ ቱርቦ ይዞ መጥቷል። እኔ ደግሞ አዲስ አበባ፣ የመኪና ዕቃ ገበያው ሶማሌ ተራ የሚሠራ ወዳጄን ለምኜ፣ ከቤት መኪና የተፈታ፣ በአንድ እጅ የሚያዝ ትንሽ ቱርቦ በአውቶቡስ አስመጥቻለሁ።

መጀመሪያ ትልቁን ገጠምንና ጨፋ ወረድን። መንገዱ ሜዳ ነው፤ ግራና ቀኙ ማሽላ። እሱ ነዳጁን ሲረግጥ መጀመሪያ ምንም የለም፤ ከዚያ ጀርባችን ወንበሩ ላይ ተለጠፈ። መሪውን እየመታ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ጥቂት እንደሄድን ከብቶች መንገድ ሲያቋርጡ ቆምንና እንደገና ተነሣን፤ ያኔ ያቺ ምንም የሌለባት ጊዜ ረዘመችብኝ። ለእሱ ግን አልነገርኩትም፤ ሳቁን ላበላሽበት አልፈለግኩም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ መቀመጥ አቃተኝ። ምሳ ቀርቦልኝ ሁለት ጊዜ ጎርሼ እነሣለሁ። አላህ ይቅር ይበለኝ፣ ጁምዓ ላይ የሶላት ሰልፍ ውስጥ ቆሜ ልቤ ጋራዥ ነው። ትልቁን ፈትቼ ትንሹን አስራለሁ፤ በማግስቱ መልሼ እፈታለሁ። ሚስቴ አንድ ቀን ትሪውን ፊቴ አስቀምጣ፣ "ሁለቱንም እዚህ አምጣቸውና አብረውህ ይብሉ፤ ያኔ ትቀመጥ ይሆናል" አለችኝ።

ሥራውን ያስተማሩኝ ሽማግሌ መካኒክ ሰንበቴ ነው የሚኖሩት። ጆሯቸው በሞተር ጩኸት ደክሟል። ሄድኩባቸው። "አካም ጅርታ" ብለው በኦሮምኛ ሰላም አሉኝና በአማርኛ ምን እንዳመጣኝ ጠየቁኝ። ድምፄን ከፍ አድርጌ ስለ ሁለቱም ቱርቦ፣ ስለ ጉልበታቸውም ስለ መጠናቸውም አስረዳኋቸው።

"ከኩርባ ወጥቶ ሲረግጥ፣ ኃይሉ እስኪመጣ ስንት ትቆጥራለህ?" አሉ።

አለመቁጠሬን ነገርኳቸው።

"እንግዲያ ምኑን ልንገርህ? ሂድና ቁጠር።"

በማግስቱ ማለዳ መንገዱ ጭር ሲል ትልቁን እንደገጠምን ሐረጎ ወጣን። እሱ ይነዳል፤ እኔ ጎኑ ተቀምጬ እቆጥራለሁ። ከኩርባው ይወጣል፣ ይረግጣል፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፤ ከዚያ ኃይሉ ይመጣል። በመጣበት ጊዜ ግን ቀጣዩ ኩርባ ደርሷል። ኩርባዎቹንም እየቆጠርኩ ነበር፤ አሥራ ምናምን ላይ ጠፋኝ። የጠፋኝ መኪናዋ ስለዞረች ነው። ግማሽ ኩርባ ላይ እያለን ኃይሉ ድንገት መጣ፤ የኋላ ጎማዎቹ ተንሸራተቱ፤ ሰማዩን አየሁ፣ ገደሉን አየሁ፣ የመጣንበትን መንገድ አየሁ። መኪናዋ ዳር የተደረደሩት ድንጋዮች ላይ ተደግፋ ቆመች። ከድንጋዮቹ ማዶ ምንም አልነበረም።

ወርጄ መንገዱ ላይ ተቀመጥኩ። እሱ በበሩ አንገቱን አውጥቶ "አብሽር፣ ምንም አልሆንን" ይለኛል።

ቁልቁል እየተመለስን ሳለ ትልቁ ቱርቦ ይፈታል አልኩት። ዓይኑን ከመንገዱ ሳያነሳ፣ "አንተ ፈራህ እንጂ ቱርቦው ምን አደረገ?" አለ።

ሦስቱን ቆጠራ ልነግረው እችል ነበር። ነገርኩትም። ግን መፍራቴም እውነት ነው፤ የሚመርጠው መካኒኩ ይሁን ፈሪው ራሴም አልለየሁትም። ከሚሴ ስንገባ ቁልፉን እጄ ላይ አስቀመጠና፣ "መካኒኩ አንተ ነህ። ምረጥ። ብንሸነፍ ግን ጥፋቱ ያንተ ነው" ብሎኝ ሄደ።

ትንሹን አሰርኩ። ብቻዬን ሐረጎ ወጥቼ ሞከርኩት፤ ገና አንድ ብዬ ሳልጨርስ ኃይሉ ይመጣል። ከላይ ቀጥ ባለው መንገድ ላይ ግን ቶሎ ይደክማል፤ እየጮኸ ፍጥነት አይጨምርም። ተመለስኩና ትልቁን አሰርኩ። እንደገና ትንሹን። ውድድሩ ሁለት ቀን ሲቀረው የትንሹን ቡሎኖች አጥብቄ መፍቻዎቹን ሳጥን ውስጥ ቆለፍኩ፤ ቁልፉን ሚስቴን ያዢልኝ አልኳት።

የውድድሩ ቀን ከላይ፣ መድረሻው ጋ እንድጠብቅ ነበር የተነገረኝ። መቆም አልቻልኩም። በመንገዱ ዳር ቁልቁል ስሄድ አስተባባሪዎቹ ሁለት ጊዜ መለሱኝ። የእኛ መኪና ድምፅ ከታች ሲመጣ ለየሁት፤ ኩርባ ላይ ዝግ ይልና ወዲያው ይነሣል፣ ዝግ ይልና ይነሣል። ዱዓ እያደረግኩ ነበር፤ እንዲያሸንፍ ይሁን እንዲደርስ ብቻ፣ አላውቅም። የመጨረሻው ቀጥታ ላይ ሲወጣ ድምፁ ሳሳ።

አራተኛ ወጣ። አንደኛ የወጣው ልጅ ከእኛ የሚበልጥ ቱርቦ ነበረው፤ ኮፈኑን ከፍቶ አሳየኝ፤ ትሁት ነው። ሌላ ትልቅ ቱርቦ የገጠመ ግን ኩርባ ላይ ወጥቶ ቦይ ውስጥ ገብቷል፤ ሰው አልተጎዳም፣ አልሐምዱሊላህ።

የአክስቴ ልጅ ከመኪናው ሲወርድ ፊቱን ማየት ፈራሁ። የራስ ቁሩን አውልቆ ውኃ ጠጣ። "ኩርባው ላይ ማንም አይደርስብኝም ነበር" አለ፤ "ከላይ ቀጥታው ላይ ግን ኃይሉ አለቀብኝ።"

ወደ ቤት ስንወርድ ቀስ ብሎ ነዳ። እነዚያ ድንጋዮች ያሉበት ኩርባ ስንደርስ ጨርሶ ዝግ አለና፣ "ያን ቀን እኔም ፈርቼ ነበር" አለኝ። ኮምቦልቻ ምሳ ላይ እሱ ጠግቦ በላ። እኔ ግን ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀምጬ፣ በትልቁ ቢሆን ኖሮ አንደኛ ይወጣ ነበር ወይስ ገደል ይገባ ነበር እያልኩ እንጀራውን እቆራርሳለሁ። አሁንም አላውቀውም።