የእናቴ ክፍል አምፖል

ዲላ ገበያ አጠገብ ካለ የኤሌክትሪክ ዕቃ ሱቅ ገብቼ ሻጩ አንድ አምፖል አብርቶ ሲያሳየኝ ነጩ ብርሃን ዓይኔን ወጋኝ።

"ቆጣቢ ነው እህቴ፣ ብዙ አይበላም" አለኝ።

ወናጎ ከተማ ስንኖር፣ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳለሁ አባቴም እንዲሁ ብሎ ነበር። ቆጣቢ አምፖሎች ይዞ መጣና በየክፍሉ የነበሩትን አሮጌዎች ቀየረ። በመጨረሻ እናቴ ክፍል ገባን። እናቴ ዓይኗ ከጠፋ ዓመት አልፎት ነበር፤ መስኮት በሌላት በዚያች ክፍል አልጋዋ ላይ ትውላለች። አባቴ ወንበር ላይ አቆመኝና ትኩሱን አምፖል በቀሚሴ ጠርዝ ይዤ ፈታሁት። አባቴም ሌላ አልተካበትም።

"ለማታይ ሰው መብራት ምን ያደርግላታል?" አለ።

እናቴ ፊቷን ወደ ጣሪያው አቀናች። "ምን አደረጋችሁ?"

"አምፖሉን አወጣነው። አንቺ እኮ አታዪም" አልኳት። እንደ ትልቅ ሰው የተናገርኩ መስሎኝ ኮራሁ።

"እሱን አያለሁ" አለች ቀስ ብላ። "ሌላ ምንም አይታየኝም። እሱ ግን ቢጫ ሆኖ ይታየኛል።"

አባቴ ሳቀ። እኔም አብሬው ሳቅሁና በሩን ዘጋን።

ከዚያ በኋላ ሁለት ክረምት ብቻ ነው የኖረችው። በሯ በተከፈተ ቁጥር "ነጋ እንዴ?" ትል ነበር።

አባቴ አሁን እኔ ጋ ነው የሚኖረው። የእሱም ዓይን ከጠፋ ቆይቷል። ሻጩ "ስንት ልስጥሽ?" ሲለኝ ክፍሎቹን በልቤ ቆጠርኩና የእሱን ተውኩት።