ሰማይ ላይ ላየነው ነገር የጠራሁት ምስክር

ጎረቤቴ የተወሰደው ሌላ ጥፋት ኖሮበት ሳይሆን እኔ ለምስክርነት ስለጠራሁት ነው፤ ይህ በደል ተጽፎ ይቀመጥልኝ።

ከደባርቅ በታች ባለው ማሳችን ገብስ ስናጭድ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ክንፍም ድምፅም የሌለው እንደ ተወለወለ ብረት የሚያብለጨልጭ ነገር ከገደሉ አፋፍ በላይ ቆመ። ቆይቶ ሽቅብ ተወንጭፎ ጠፋ። እኔ ከማሳዬ፣ እሱ ከድንበሩ ማዶ ሆነን አየነው።

ወሬው ገበያ ደረሰና በሦስተኛው ቀን ወታደሮች መጡ። አለቃቸው ደብተሩን ዘርግቶ፣ "እማማ፣ ያዩት ጆፌ አሞራ እንዳይሆን?" አለኝ።

"ጆፌንማ እናትህ ሳትወለድ ጀምሮ አውቀዋለሁ!"

ሳቁ። "ብቻዎን ያዩትን ማን ያምንዎታል?" ሲለኝ ደሜ ፈላ። በእኛ አገር ሽማግሌ ፊት የአንድ ሰው ቃል ብቻውን አይጸናም፤ ሁለተኛ ሰው ይቆማል። ስለዚህ ጎረቤቴን ከአጨዳው ጠራሁት።

"ኧረ ተይኝ አንቺ ሴት፣ ገብሴ ይረግፍብኛል" እያለ መጣ። ያየውን ሳይጨምር ሳይቀንስ ተናገረ። እነሱም "ለማጣራት ነው" ብለው በመኪናቸው ይዘውት ሄዱ።

ገብሱን እኔ አጨድሁለት። ተከምሮም ሳይወቃ ክረምት ገባበት። ከሚስቱ ጋር ዳባትም ደባርቅም እየተመላለስን ከወታደሮቹ ካምፕ በር ቆመናል። ባለፈው ሳምንት ያው አለቃ ወጣ፤ ደብተሩን ገልጦ አነበበልኝ።

"እማማ፣ ብቻዎን ነው ያዩት። ሌላ ምስክር አልተመዘገበም።"