ከማሽኑ ያልወጣው ዕቁብ

ሒሳቡን መጀመሪያ ላስቀምጥ። ነጋዴ ነኝ፤ ዋጋው ያልተነገረ ወሬ አይጥመኝም። አስራ አምስት ዶላር ለማዳን ስል የአራት ቤት ገንዘብ፣ አንድ ሙሉ የበጋ ዕረፍትና የእናቴን ስም ከሰርኩ። ዕድሜዬ አስራ ሁለት ነበር። በዚያ ዕድሜ ሰው ይህን ያህል የሚከስርበት ካፒታል ከየት ያመጣል አትበሉኝ፤ የሰው ገንዘብ ይዤ ነበር።

ልጅ እያለሁ የምንኖረው ሚድ ሲቲ በሚባል ሰፈር፣ ከፒኮ አውቶቡስ መስመር ገባ ብሎ ካለ አፓርትመንት ነበር። እናቴ ፌርፋክስ መንገድ ላይ ካሉት የሐበሻ ምግብ ቤቶች በአንዱ ወጥ ትሠራ ነበር። እሑድ ከቀትር በኋላ የምግብ ቤቱ የኋላ ክፍል የዕቁብ ቤት ይሆናል። ታክሲ ነጂው፣ ፓርኪንግ የሚሠራው፣ ፀጉር ቤት ያላት፣ ሁሉም ከቤተ ክርስቲያን መልስ እዚያ ነው። የዕቁቡ ዳኛ እናቴ ነበረች። በባንክ የማያምኑ ሰዎች ነበሩ፤ በእናቴ በፈለቀች የማያምን ግን አልነበረም። አንዲት ደንብ ነበረቻት፤ ዳኛ ዕጣው የሚደርሰው መጨረሻ ነው። «የሰው ገንዘብ የያዘ ሰው መጨረሻ ይበላል» ትል ነበር። በዚህች ደንብ ትኮራለች።

ትልልቆቹ ውስጥ ገንዘብ ሲቆጥሩ እኛ ልጆቹ ከኋላ ያለው ፓርኪንግ ውስጥ እንጠብቃለን። ናሆም የጎረቤታችን የእትዬ ጽጌ ልጅ ነው። ቤቲ ከሃውቶርን ከአባቷ ጋር ትመጣለች፤ ሁላችንንም ታሸንፍ ስለነበር ስለ እሷ ብዙ ባላወራ ደስ ይለኛል። መንትዮቹ ደግሞ ከኖርዝ ሆሊውድ ናቸው፤ ሁለት አፍ ቢሆኑም አንድ ቤት ስለሆኑ እንደ አንድ ሰው ነበር የምንቆጥራቸው። አራቱም ቤት አንድ ዓይነት የጌም ማሽን ነበረ። የጎደለው ጌሙ ነው። አዲስ ዲስክ ስድሳ ዶላር፣ ስድሳ ዶላር ደግሞ የአንድ ቀን ቲፕ። የትኛው ሐበሻ ወላጅ ነው ቀኑን ሙሉ ቆሞ ያገኘውን ለጌም የሚያወጣው? ሶ፣ እናቶቻችን ሲያደርጉ ያየነውን አደረግን። ዕቁብ ጀመርን።

አሠራሩ እንዲህ ነው። በየሳምንቱ ከምሳ ብራችን የተረፈችንን እንጥላለን። ሲሞላ ዲስኩ ይገዛል፣ በተጠቀለለ ወረቀት ዕጣ ይወጣል፣ ባለዕጣው ሁለት ሳምንት ተጫውቶ ለቀጣዩ ያስረክባል። አራቱንም ቤት ሲያዳርስ ያገለገለ ጌም ለሚገዛ ሱቅ እንሸጠዋለን፤ የተገኘውም ለሚቀጥለው ዲስክ መነሻ ይሆናል። ዳኛው እኔ ነበርኩ። ማንም አልመረጠኝም፤ የፈለቀች ልጅ እያለ ሌላ ሰው ማሰብ ነውር ይመስል ነበር።

አዲስ ዲስክ ሲከፈት የሚወጣው የፕላስቲክና የቀለም ሽታ እስካሁን አፍንጫዬ ውስጥ አለ። ላስቲኩን የሚቀደው ባለዕጣው ነው፤ እሱም እንደ ክብር ይታያል። ከዚያ ዲስኩን ጠርዝ ጠርዙን ይዞ ወደ ፀሐይ ያዞረዋል። ርክክብ ላይ ቤቲ ጭረት ካገኘች ያለፈውን ተረኛ አንድ ዶላር ሳታስከፍል አትለቅም። ሁለት ዲስክ እንዲህ ዞረው በሰላም ተሸጡ። ዛሬ ሱቅ ከፍቼ ስሠራ እንኳ እንደዚያ የጠራ ንግድ አይቼ አላውቅም።

ሦስተኛው ላይ ነው የኔ ብልጠት የመጣው። ከሁለተኛው ዲስክ ሽያጭ ጋር ተደምሮ የየቤቱ ድርሻ አስራ አምስት ዶላር ደርሶ ስድሳው ሞልቷል፤ ትምህርት ቤትም ሊዘጋ ነው። አርብ ማታ ማሽኔን ስከፍት ልንገዛው ያሰብነው ጌም ስክሪኑ ላይ በአርባ አምስት ዶላር ተለጥፏል። የቅናሽ ሴል ነው፣ ያለ ዲስክ በኢንተርኔት የሚወርድ ዳውንሎድ። ሱቅ ስድሳ፣ እዚህ አርባ አምስት! ሱቅ የሚሄዱትን በሆዴ አዘንኩላቸው። በነጋታው የዕቁቡን ብር ይዤ እናቴ የምትሠራበት ወጥ ቤት ሄድኩና ካርዷን ጠየቅኳት።

«የዕቁባችሁ ነው?» አለችኝ፣ ዓይኗን ከድስቱ ሳትነቅል።

«አዎ፣ በካርድ ሲሆን ይረክሳል።»

«ዕቃው መቼ ይመጣል?»

«መጥቷል እማ፣ ገና ስከፍል ይገባል።»

ነገሩ አልገባትም፤ ወጥ ሊያርርባት ነው፣ አስተናጋጁም ይጮህባታል። እጇን በሽርጧ ጠራርጋ ካርዷን ሰጠችኝ። አርባ አምስቱን ዶላር ለሷ ሰጥቼ አስራ አምስቷን ለዕቁቡ አስቀመጥኩ። ያን ቀን ወደ ቤት ስሄድ ዘለል ዘለል እያልኩ ነበር።

እሑድ ፓርኪንጉ ውስጥ ዕጣ አወጣን። ለናሆም ደረሰ።

«እሺ፣ ስጠኝ» አለ፣ እጁን ዘርግቶ።

«ዳውንሎድ ነው።»

«ኦኬ። ስጠኝ።»

«አይሰጥም እኮ። ማሽኔ ውስጥ ነው ያለው።»

ናሆም እጁን አላጠፈም። የሆነ ነገር ከኪሴ ይወጣል ብሎ የጠበቀ ይመስለኛል። ቀድማ የገባት ቤቲ ነች። «ቆይ፣ ቆይ» አለች። «ዳኛው መጀመሪያ በላ ማለት ነው?»

ሌባ ብትለኝ ይሻለኝ ነበር። ሌባ ብትለኝ አልሰረቅኩም እል ነበር። ናሆም ሮጦ ወደ ውስጥ ገባና የትልልቆቹ ዕቁብ መሐል ቆሞ ለእናቱ ተናገረ። ስገባ ሁሉም ቆጠራውን ትተው ወደ በሩ ያያሉ። ጋሼ ደምሴ፣ ታክሲ የሚነዱት፣ አዩኝና ሳቁ፤ «ሳይቸግር ጤፍ ብድር! ሱቁ ሞልቶ አንተ ከአየር ላይ ገዛህ?»

«ግን እኮ ረክሶ ነው፣ ጋሼ።»

«ለማን ነው የረከሰው? ላንተ?»

ሰው ሁሉ ሳቀ። እናቴ አልሳቀችም። ወደኔ ጎንበስ ብላ ቀስ ብላ ጠየቀችኝ፤ «ዲስኩ በፖስታ አይመጣም?» ለካ ከትናንት ጀምሮ የፖስታ ሳጥናችንን እየከፈተች ስታይ ነበር። ጋሼ ደምሴ ያሉኝን ረስቼዋለሁ ማለት እችላለሁ። ያንን የእናቴን ድምፅ ግን አልረሳሁም።

ገንዘቡ ይመለስልኝ ብዬ ለሻጩ ኩባንያ ጻፍኩ፤ አንዴ የወረደ አይመለስም አሉኝ። አማራጭ አልጠፋኝም፤ የኔን ስምና የይለፍ ቃል በናሆም ማሽን ላይ ማስገባት ይቻላል። እናቴ ግን «ካርዴ ያለበትን ቁልፍ ለሦስት ቤት?» ብላ ጮኸች። ካርዱን ከውስጡ አጠፋሁት ብዬ ብምል ብገዘት አልሰማችኝም። «የማይታይ ዕቃ ገዛህልኝ። አሁን ደግሞ የማይታይ ካርድ አጠፋሁ ትለኛለህ?» አለች። ከዚያ ፍርዷን ሰጠች፤ «ዕቃው ከማሽኑ አይወጣም ካልክ ማሽኑ ከቤት ይወጣል። አንተም አብረኸው ትሄዳለህ፣ ቁጭ ብለህ ትጠብቃለህ። ያንተ ተራ መጨረሻ ነው።»

ያን በጋ ቅዳሜ ቅዳሜ ማሽኑን ተሸክሜ የዞርኩት በእናቴ የበርበሬ ከረጢት ነው፤ በቤታችን ለማሽኑ የሚበቃ ሌላ ከረጢት አልነበረም። ማሽኑ ሲግል ማራገቢያው በርበሬውን ይተፋዋል። መንትዮቹ በየመሐሉ እያስነጠሱ ተሸነፉ፤ የተሸነፉት በበርበሬ ነው ብለው እስከዛሬ ይከራከራሉ። ሃውቶርን ለመድረስ ሁለት አውቶቡስ እይዛለሁ፤ ኖርዝ ሆሊውድማ ባቡር አለበት። ሕንጻችን ውስጥ ያሉ ልጆች ከረጢቷን ሲያዩ «ዕቁቡ መጣ!» ብለው ይጮሃሉ። አንድ ቀን ፒኮ ላይ አውቶቡስ ስጠብቅ ጋሼ ደምሴ ታክሲያቸውን አቆሙና መስኮቱን ዝቅ አድርገው፣ «ዳኛው! ችሎቱን ተሸክመህ ወዴት?» አሉኝ። ላድርስህ ግን አላሉም። ደንበኛ ይዘው ነበር፤ ደንበኛውም ምን እንደተባለ ሳይገባው ሳቀብኝ።

ከመንገዱ መቀመጡ ይብስ ነበር። በሰው ሳሎን ጫማዬን አውልቄ፣ የተቀደደ ካልሲዬን ከእግሬ ሥር ደብቄ፣ ሌላ ሰው ሲጫወት አያለሁ። የቤቲ አባት ጭማቂ አስቀምጠውልኝ ያልፋሉ፤ ደግ ሰው ናቸው፣ ዓይኔን ግን አያዩም። የእትዬ ጽጌ ቤት የባሰ ነው፤ ስልክ እያወሩ በሩን ይከፍቱልኛል፤ «አይ፣ የፈለቀች ልጅ ነው፣ እዳውን ሊከፍል» ይላሉ ስልኩ ውስጥ ላለው ሰው። የኔ ተራ ሲደርስ ጌሙን አልከፈትኩትም። በየሳሎኑ ስንት ጊዜ ሲያልቅ አይቼዋለሁ።

ጌሙ ዞሮ አለቀ፤ የሚሸጥ ነገር ግን አልነበረም። ሱቅ ሄጄ ምን ልበል? ማሽኔ ውስጥ ያለውን ግዙኝ? የሚቀጥለው ዲስክ መነሻ በዚያው ቀረ፣ የልጆቹ ዕቁብም ፈረሰ። እናቴ የተረፈችውን አስራ አምስት ዶላር ወሰደችና ከራሷ ሠላሳ ጨምራ ለሦስቱ ቤት አስራ አምስት አስራ አምስት አከፋፈለች። «ኧረ ተይ፣ የልጅ ጨዋታ ነው» አሏት። እሷ እምቢ አለች፤ እነሱም ተቀበሉ።

በዚያው ሳምንት እሑድ ዕጣ ከመውጣቱ በፊት እናቴ ተነሳች። እኔ ወንበር ጠፍቶ አጠገቧ ቆሜ ነበር። «ከዛሬ ጀምሮ ዳኝነቱን ሌላ ሰው ይያዝልኝ» አለች። ምክንያት አልተናገረችም፣ ማንም ምክንያት አልጠየቀም።

«ኧረ በፍጹም!» አሉ ሁሉም ባንድ አፍ።

እናቴ ትንሽ ጠበቀች። ሁለተኛ ጊዜ «በፍጹም» የሚል ሰው እየጠበቀች እንደነበር ያኔ አልገባኝም። ጋሼ ደምሴ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፣ እኔም አሁን ይናገራሉ ብዬ ቀና አልኩ። አልተናገሩም። እናቴ የገንዘቡን ቆርቆሮ ወደ እትዬ ጽጌ ገፋ አደረገችና ተቀመጠች። እኔ «ጥፋቱ የኔ ነው» ማለት እችል ነበር። ምላሴ ላይ ነበር። የጫማዬን ክር ሳይ ቆየሁ።

ዛሬ ሃውቶርን ውስጥ ያገለገለ ስልክ፣ ቻርጀርና ጌም የምሸጥባት ትንሽ ሱቅ አለችኝ። የሐበሻ ልጆች ይገባሉ፣ የዲስኮቹን መደርደሪያ እንደ ሙዚየም ያዩታል። «ብሮ፣ ይሄን አሁንም ሰው ይገዛዋል?» ይሉኛል። ሁሉም በየቤቱ ማዳመጫ ጆሮው ላይ ሰክቶ ባዶ ክፍል ውስጥ ከሌላው ጋር ይጫወታል፤ እጁን ዘርግቶ ተራዬ ነው የሚል የለም፣ ጭረት የሚፈልግም የለም። ዳውንሎዱ ሳጥን የለው፣ ጭነት የለው፣ ባለሱቅ የለው፤ ሴል ካልሆነ ግን ከአዲስ ዲስክ አይረክስም። የዕቃ ዋጋ ግማሹ ስትገዛው፣ ግማሹ ለሌላ ስታስተላልፈው ነው እላቸዋለሁ። ዕቃ ልሸጥላቸው የፈለግኩ ይመስላቸዋል። ልሸጥላቸውም ነው።

የፌርፋክሱ ዕቁብ ዛሬም እሑድ እሑድ ይጣላል። ሰው ጨምሯል፣ መዋጮውም አድጓል። ዳኛዋ እትዬ ጽጌ ናቸው። እናቴ አባል ናት።