በቀሚስ ላይ ቀሚስ

ልጄ ለጥምቀት ያሰፋችውን የሀበሻ ቀሚስ ትናንት ከልብስ ሰፊው ተቀብዬ ከፌስታሉ ሳወጣው፣ የአዲሱ ጥጥ ሽታ አፍንጫዬን ሲመታኝ፣ ደስ ሊለኝ ሲገባ ፊቴ በእፍረት ጋለ። ይኸው በዚህ ዕድሜዬ እንኳ አዲስ ቀሚስ ባየሁ ቁጥር እንደ ሌባ እደነግጣለሁ።

እናቴ ብዙ ጊዜ ታማ ስለነበር፣ ጡት ከጣልኩ ጀምሮ ያሳደገችኝ ቀሐ ወንዝ ዳር ትኖር የነበረችው የአባቴ እህት ናት። የራሷ ልጅ አልነበራትም፤ እታለም ነበር የምላት። እናቴ ድና ቁስቋም ወዳለው ቤታችን ስትወስደኝ ስምንት ዓመቴ ነበር። በዚያው ዓመት ሁለቱም የጥምቀት ቀሚስ አሰፉልኝና «የኔን ነው የምትለብሰው» ተባብለው ተኳረፉ። የንስሐ አባታችን መሀል ገብተው የከተራ ዕለት የእናቴን፣ የጥምቀት ዕለት የእታለምን እንድለብስ ፈረዱ፤ ሁለቱም ጉልበታቸውን ስመው ታረቁ።

ከተራ በሰላም አለፈ። በማግስቱ ማለዳ የእታለምን ቀሚስ ከለበስኩ በኋላ ግን የእናቴን ከላይ ደረብኩበት። እናቴ እንዳይከፋት ብዬ ነው እያልኩ ስንት ዓመት ራሴን አታልያለሁ፤ እውነቱ የእናቴ ጥልፍ ብልጭልጭ ስለነበረው ነው። እንደ ትራስ ተነፋፍቼ ቀሐ ስደርስ፣ እታለም ጎረቤቶቿን ሰብስባ፣ ቀሚሷን ልታሳያቸው ስትጠብቀኝ አገኘኋት።

«ምነው ልጄ፣ የኔን ሳትለብሽው ቀረሽ?»

«ለብሼዋለሁ እኮ እታለም! ከውስጥ ነው!» ብዬ የላይኛውን እስከ ጉልበቴ ገለብኩላት።

ሴቶቹ በሳቅ ፈረሱ። እታለምም ዘግየት ብላ ሳቀች፤ ከዚያ ጎንበስ ብላ የራሷን ጥልፍ በእጇ ዳበሰችውና የእናቴን ቀሚስ መልሳ አለበሰችበት።

«ሸጋ ነው፤ ብቻ አይብረድሽ» አለችኝ።

ሁለቱንም አስደሰትኩ ብዬ ቀኑን ሙሉ ስጨፍር ዋልኩ።

ከዚያ በፊት እታለም ቁስቋም ስትመጣ በሩን ገፋ አድርጋ ገብታ፣ ድስቱን ከፍታ ቀምሳ፣ እኔን በጉልበቶቿ መሀል አስቀምጣ ሹሩባዬን መፍታት ነበር ሥራዋ። ከዚያ ጥምቀት ወዲህ ግን ደጅ ላይ ቆማ «ቤቶች!» ማለት ጀመረች። እናቴ «ምነው፣ የሰው ቤት ነው እንዴ? ግቢ እንጂ!» ትላታለች። እታለም ፈገግ ብላ፣ በሩ አጠገብ ያለው በርጩማ ላይ ቁጭ ትላለች፤ ፀጉሬን ዳግመኛ አልነካችውም። ዛሬ እታለም የለችም፤ ይቅርታ የምጠይቀው ሰው የለኝም። ያን ጊዜ ሮጬ እጇን ይዤ ማስገባት ስችል፣ ከመጫወቻዬ ቀና ሳልል «እማዬ፣ እንግዳ መጥቷል!» እያልኩ እጣራ ነበር።