ሁዳዴ የጾመው ጊታር

ልጅ ሳለሁ በአንዲት ቃል ሰው ከቤት አስወጥቻለሁ። ሰውየው የአባቴ ታናሽ ወንድም፣ አያ ፈንቴ ነበር። ይህን እስከ ዛሬ ለማንም ተናግሬ አላውቅም፤ አሁን የምጽፈውም ደፍሬ ሳይሆን መሸከሙ ስለታከተኝ ነው።

ቤታችን ቁስቋም፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ግርጌ ነበር። አባቴ መሪጌታ፣ አያ ፈንቴ ደግሞ ወታደር ቤት ሙዚቀኛ ነበሩ። ሠራዊቱ ሲበተን አያ ፈንቴ አንድ ጊታር በጀርባው አዝሎ መጣ። በመሪጌታ ቤት ጊታር መግባቱ ጎረቤቱን ሁሉ አነጋገረ። አባቴ ግን ወንድሙን ይወድ ስለነበር አንድ ነገር ብቻ ለመነው፤ በሁዳዴ ድምፁ እንዳይሰማ። አያ ፈንቴ ከልመናው አልፎ ሄደ፤ የቅበላ ዕለት ማታ ክሮቹን አንድ በአንድ እያላላ ግድግዳ ላይ ይሰቅለው ጀመር። «እሱም ይጹም እንጂ! ከኔ በምን ይሻላል?» ሲል አባቴ ሳቁን በጋቢው ይሸፍን ነበር።

ያኔ መብራት ቶሎ ቶሎ ይጠፋ ስለነበር፣ ከራት በኋላ ኩራዝ ተለኩሶ፣ የምድጃው ፍም አመድ እየለበሰ ሲሄድ፣ አያ ፈንቴ ጊታሩን ታቅፎ ተረት ይነግረኝ ነበር። አብልጬ የምወደው ምንጭ ውስጥ ስለምትኖረው ልጅ የሚያወራውን ነው። ልጅቱ ውሃ ሊቀዳ ለመጣ ሁሉ ታዜማለች፤ አንድ ገበሬ ለብቻው ሊያደርጋት ፈልጎ እጇን ጨምድዶ ሲይዛት ግን ድምፅዋ ይጠፋል። እሷ የምታዜምበት ቦታ ላይ ሲደርስ፣ አያ ፈንቴ የጊታሩ አንገት ከሆዱ በሚገናኝበት ካለችው ቀጭን ብረት አናት፣ ጣቱን ክሩ ላይ እንደ ላባ ያሳርፍና በሌላው እጁ መትቶ ወዲያው ያነሳዋል። የሚወጣው ድምፅ የጊታር አይመስልም። እንደ ቅዳሴ ቃጭል የጠራ ነው፤ ጢሱ መሐል ተንሳፍፎ ይቆያል።

ያን ድምፅ ለማውጣት ስንት ማታ ታገልሁ! ወይ ይታፈንብኛል፣ ወይ ተራ ድምፅ ይሆናል።

«ምነው ስንዱ፣ ሌባ ያዝሽ እንዴ?» ይለኛል። «ገበሬውን ሆንሽ እኮ! አትጫኚው፣ የኔ ሸጋ። ንኪውና ልቀቂው።»

ሳይሆንልኝ ቅበላ ደረሰ፤ ጊታሩም ተሰቀለ። እኔ ግን እስከ ፋሲካ መጠበቅ አቃተኝ። አንድ ከሰዓት በኋላ ወላጆቼ ቅዳሴ ሄደው፣ አያ ፈንቴም ልብሱን ሊያጥብ ቀሐ ወንዝ ወርዶ፣ ቤት ጠባቂ ሆኜ ቀረሁ። በርጩማ ላይ ቆሜ ጊታሩን አወረድሁና የላሉትን ክሮች እያጠበቅሁ ስሞክር፣ ስሞክር ቆይቼ፣ ክንዴ ዝሎ ተስፋ ልቆርጥ ስል ጣቴን እንዲያው ባሳርፈው ልጅቱ አዜመች። መላልሼ መታሁት። ሁዳዴውንም፣ የአባቴንም ልመና ረሳሁት። ድምፁ ይበልጥ እንዲቀጥን ብዬ መቃኛውን ሳጠብቅ ቀጭኑ ክር ተበጠሰ። ደንግጬ እንዳለ ሰቀልሁት።

ማታ አባቴ ፊቱ ጠቁሮ ገባ። በደጃችን ያለፈች ሴት፣ «መሪጌታ፣ በሁዳዴ ቤትዎ ሰርግ አለ እንዴ?» ብላ በሰው ፊት አስቃበት ነበር። ቀና ሲል የተበጠሰውን ክር አየ።

«ምነው ፈንቴ? ይችን አንዲት ነገር ብለምንህ?»

አያ ፈንቴ የተወጠሩትን ክሮች አየ፤ ቀጥሎ እኔን አየኝ። ገብቶታል። አባቴ ወደ እኔ ዞረ።

«ቤት የዋልሽው አንቺ ነሽ። ማን ነው የመታው?»

«አያ ፈንቴ» አልሁ።

ፍሙ ውስጥ አንድ እንጨት ጠሽ ሲል ይሰማኛል፣ እስከ ዛሬ።

«ስንዱ ካለች እንግዲህ እኔው ነኝ» አለ አያ ፈንቴ፣ ቀስ ብሎ። አባቴም፣ «ጾም ለሚያቃልል ሰው ቤት የለኝም» አለው።

ጠዋት ድብ ባሕር ወደምትኖረው እህታቸው ሊሄድ ቦርሳውን አነሳ። ከመውጣቱ በፊት ግን ጊታሩን አወረደና፣ እኔ በሩ ጥግ ቆሜ እያየሁት፣ የቀሩትን ክሮች አንድ በአንድ አላላቸው።

«አምስቱ እንኳ ይጹሙ» አለና መልሶ ሰቅሎት ወጣ።

ለፋሲካ ይመጣል ብዬ ጠበቅሁ። አልመጣም፤ አባቴም አልላከበትም። አድጌ ከድብ ባሕር ማዶ ለማስተማር ስመደብ አውቶቡሱ በዚያው ያልፍ ነበር። የአክስቴን ቤት ጣሪያ በመስኮት እያየሁ፣ በሚቀጥለው እወርዳለሁ እያልሁ ዓመታት አለፉ። እዚያው አረፈ። ለቅሶው ላይ አባቴ «ሸጋ ሰው ነበር ወንድሜ፣ ያችን ሁዳዴ ባያቃልላት» ሲል ከጎኑ ተቀምጬ ነበር። ያኔም ዝም አልሁ። አሁን አባቴም የለም።

ሰሞኑን ሴት ልጄ ከስልኳ እያየች ያንኑ ድምፅ በጊታሯ ትለማመዳለች። ትናንት ከሥራ ደክሜ ገብቼ ጫማዬን ሳላወልቅ ቁጭ ባልሁበት «እማዬ፣ እምቢ አለኝ!» አለችኝ። «አትጫኚው፤ ንኪውና ልቀቂው» አልኋት። ድምፁ ወጣ።

«አንቺ ደግሞ ይሄን ከየት አወቅሽው?» ብላ ሳቀችብኝ።

«ከአጎቴ» አልኋትና የቀረውን ዋጥሁት።

ከእነዚያ ማታዎች የቀረኝ ይኸው ነው፤ የእሱ ድምፅ በጣቴ ላይ፣ የእኔ ቃል በእሱ ላይ። ይቅርታ ልጠይቃቸው የሚገባኝ ሁለቱም አፈር ሆነዋል። ይህን ያነበባችሁ፣ እባካችሁ፣ እናንተ ይቅር በሉኝ።