በአካ ግንብ ሥር ሁለት ድስት

ጀማል፣ የአሰብ ልጅ፣ የመርከባችን ረዳት መካኒክ። ተስፋዬ፣ ምግብ አብሳያችን። አቡ ሰሊም፣ የአካ ከተማ ሽማግሌ ግንበኛ። ጂርጂስ፣ ክርስቲያን ዓረብ ጎረቤቱ። አምስተኛው እኔ ነኝ፤ ያኔ ሃያ ዓመት ያልሞላኝ መርከበኛ።

ስማቸው የተመለሰልኝ በወረርሽኙ ዓመት፣ ተሰድጄ በምኖርባት በኮሎምበስ ነው። ከግሮቭፖርት የሌሊት የመጋዘን ሥራዬ ጠዋት ቤት ስገባ ልጄ ሄለን ማድ ቤት ተቀምጣ በኮምፒውተር ክላስ ትከታተላለች። አስተማሪዋ የኦቶማን መንግሥት ሲዳከም ገሊላን በራሱ እጅ ስለገዛ ዓረብ ሼክ ያስረዳል።

«እሱ ያሠራው ግንብ ላይ ተቀምጫለሁ» አልኳት።

ማይኩን አጥፍታ፣ «ዳድ፣ ሲሪየስሊ?» አለችኝ። ጫማዬን እያወለቅሁ ነገርኳት።

መርከባችን ሃይፋ ቡና ታራግፍ ነበር። ዓረብኛ የሚችለው ጀማል ከአቡ ሰሊም ጋር ወደብ ላይ ተወዳጅቶ፣ ስለ እኛ ሲያወራለት ሰንብቶ፣ ሽማግሌው ሦስታችንንም ምሳ ጠራን። ወደ አካ የሚወስደን አውቶቡስ በባሕሩ ዳር ሲሄድ ዝናብ የመታው ብርቱካን ይሸታል። አቡ ሰሊም መጀመሪያ ያሳየን ግንቡን ነው፤ ድንጋዩን እንደ ፈረስ አንገት መታ መታ እያደረገ።

ቤቱ ስንገባ በሩዝ ላይ የተከመረ የበግ ሥጋ ቀረበ። እኔና ተስፋዬ ተያየን። ባደግንበት አገር ክርስቲያን ሙስሊም ያረደውን፣ ሙስሊምም ክርስቲያን ያረደውን አይበላም። ጀማል ይህን በደስታው ብዛት ረስቶታል።

«ሆዳቸውን አሟቸዋል በለው» አለ ተስፋዬ በአማርኛ።

«ውሸትማ አይሆንም። እውነቱን ንገረው» አልኩ።

«አንተ እውነት ስትናገር የማፍረው እኔ ነኝ» አለኝ ጀማል። «ሰውየው ‹ለወንድሞችህ› ብሎኝ ነው ያረደው።»

ግን ነገረው። አቡ ሰሊም ሥጋውንና እኛን እያፈራረቀ አየ። የእሱ አገር ክርስቲያኖች አብረውት ይበላሉ፤ እንዲህ ያለ ነገር ሰምቶም አያውቅ። እሱ ባየን ቁጥር ጀማል አንገቱን ይደፋል። ወዳጁን ያጣ መሰለው፤ እኔም መሰለኝ።

በመጨረሻ ሽማግሌው በመስኮት ብቅ ብሎ ጂርጂስን ተጣራ። ጂርጂስ መጣ፣ ሰማ፣ ሄደ። ወዲያው የዶሮ ጩኸትና የሚስቱ ቁጣ ተሰማ። ጀማል ሳቁን እየዋጠ ተረጎመልን፤ ከዶሮው ሁሉ መርጠህ እንቁላል የምትጥለውን ያዝክ እያለችው ነው።

ዶሮዋ እስክትበስል አቡ ሰሊም ስለ ሼኩ አጫወተን። ለሱልጣኑ ግብር ይልካል፣ በቤቱ ግን የሚያዘው ራሱ ነው። ክርስቲያኑን ቤተ ክርስቲያንህን ሥራ፣ አይሁዱን ጥብርያዶስ ግባ ያለ ሰው ነው።

«እኔን ምሰሉ አላለም» አለ። «እዚህ ኑሩ ነው ያለው።»

ኋላ ራሴን ሳስተምር እንዳነበብኩት ሼኩ ቅዱስ አልነበረም። ከገዛ ልጆቹ ጋር ተዋግቷል፤ የሞተውም በገዛ ወታደሩ እጅ ነው። ይህንንም ለሄለን አልደበቅኋትም። አባቶች ደጉን ብቻ ሲያወሩ ልጆች ደጉንም ማመን ይተዋሉ።

በአንድ ገበታ ሁለት ድስት ቀረበ። ጀማልና አቡ ሰሊም ከአንዱ፣ እኛና ጂርጂስ ከሌላው በላን። ጀማል ቀና ብሎ የተስፋዬን አጎራረስ ለሽማግሌው በዓረብኛ ሲያማ፣ እውነቱን በማስነገሬ ኮራሁ።

ሄለን ማይኩን መልሳ ከፈተችና ለክፍሉ ሁሉ፣ «ማይ ዳድ ዋዝ ዜር» አለች። አራተኛ ክፍል ላይ ያቆምኩ ሰው ነኝ፤ በዚያች ጠዋት ግን ከማንም አላነስኩም። የራሴን እንድጠብቅ፣ የሌላውንም እንዳልነካ የተማርኩት እዚያ ገበታ ላይ ነው።

ያ ትምህርት አምስታችንን በድምሩ ያስወጣን አንዲት እንቁላል ጣይ ዶሮ ብቻ ነው።